ትዕግሥት፣ ትዕግስት ወይስ ትግስት? የልጃችሁን ስም ፊደል የመምረጫ መንገድ

ስሙ ላይ ተስማምታችኋል። ትዕግሥት ትባል ብላችኋል፣ አያቶችም ወደውታል። ከዚያ የልደት መመዝገቢያው ፎርም ፊታችሁ ይቀርብና ሌላ ጥያቄ ይመጣል። በየትኛው ፊደል? አባት "ትግስት" ብሎ ይጀምራል፣ እናት "ኧረ ዕ አለው" ትላለች፣ መዝጋቢው ደግሞ ወረፋው ረዝሞበት እጁ የለመደውን ይጽፋል። በቃ፣ ያን ቀን እንደመጣለት የጻፈው ነገር ልጅቷን ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ኤርፖርት ድረስ ይከተላታል።

የልጅ ስም እንዲህ በአጋጣሚ መጻፍ የለበትም። አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት ነገር ነው። እዚህ ትዕግሥትን ይዤ የተነሳሁት ከድሮ ጀምሮ ከሰፈር የማይጠፋ ስም ስለሆነና የአማርኛ ፊደል የሚያከራክርባቸው ሁለት ቦታዎች አንድ ላይ ስላሉበት ነው። ስማችሁ ሐና ወይም ሕይወት ወይም ፀሐይ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው፣ መጨረሻ ላይ እደርስባቸዋለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ልጅቷ ገና ካልተመዘገበች ትዕግሥት ብላችሁ በሙሉ ፊደሉ ጻፉት። የተመዘገበ ወረቀት ካላት ግን ወረቀቱን ተከተሉ። ሁለቱን ማደባለቅ ነው ሰው የሚያስለቅሰው።

1. አማራጮቹን ሁሉ ወረቀት ላይ አውጡ

በቃል መከራከር የትም አያደርስም፣ ምክንያቱም ስትጠሩት ሁሉም አንድ ነው። እስክሪብቶ አምጡ። ይህ ስም የሚለያይባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከመጀመሪያው ት ቀጥሎ ነው፤ ወይ ዕ ይገባል፣ ወይ እ ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም። ሁለተኛው ከግ በኋላ ነው፤ ወይ ንጉሡ ሥ ወይ እሳቱ ስ (ንጉሡና እሳቱ የፊደሎቹ መጠሪያ ናቸው)። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት ነው፦

ትዕግሥት፣ ትዕግስት፣ ትእግሥት፣ ትእግስት፣ ትግሥት፣ ትግስት።

ስድስቱንም ከላይ ወደ ታች በእጃችሁ ጻፏቸውና ሦስቱን ወዲያው ሰርዙ። አልፋው እ ያለባቸው ሁለቱ ይውጡ፤ እ በሥሩም የለች፣ ስንናገርም አትሰማም። ትግሥትም ብዙ አያጋጥምም፣ ምክንያቱም ሥን የመረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕንም አይተዋትም። የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ክርክሩም በእነሱ መካከል ነው። ትዕግሥት፣ ትዕግስት፣ ትግስት።

2. የቃሉን ሥር እዩ

ቃሉ የግእዝ ነው፣ ሥሩም ዐገሠ ነው። ከእሱ ተዐገሠ ይወጣል፣ ከተዐገሠም ትዕግሥት። ዐይኑ ዐም ንጉሡ ሠም ሥሩ ውስጥ ቁልጭ ብለው አሉ። እነዚህ ፊደሎች ድሮ ለጌጥ አልነበሩም። ዐ ከአ የተለየ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበረው። ሠም ከሰ ይለይ ነበር። አማርኛ ድምፆቹን አንድ አደረጋቸው፣ ፊደሎቹን ግን ይዞ ቀጠለ። የዐን ድምፅ ዛሬም መስማት ከፈለጋችሁ ትግርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ትዕግስቲ በል በሉት፤ ዕ ከጉሮሮው ስትወጣ ትሰሟታላችሁ።

ይህን ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፣ የእኔን ቃል ብቻ አትውሰዱ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት የሚያገኝ ሰው ዐገሠን ይፈልግ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ መጽሐፉ የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው፣ ይህን የማያውቅ ሰው ገጹን ሲያገላብጥ ይውላል። እሱ ከሌለ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ አለ። ገላትያ 5፥22ን ክፈቱ። የመንፈስ ፍሬዎች ተዘርዝረዋል፤ ሰላም በእሳቱ ሰ፣ ቀጥሎ ትዕግሥት በንጉሡ ሥ። አንድ መስመር ላይ ሁለቱንም ታያላችሁ። ሰላምና ትዕግሥት የሚባሉ እኅትማማቾች ያሉበት ቤት ከሆነማ ሁለቱ ስሞች በአንድ ዓይነት ሰ እንደማይጻፉ እዚያው ይታያቸዋል።

እንግዲህ ትግስት የሚለውስ? እንደ መሃይምነት የሚያዩት አሉ፣ እኔ አልስማማም። አማርኛ ግሡን ታገሠ፣ ትታገሣለች ሲል ዕን የት አስቀመጣት? ድምፁ ስለጠፋ ፊደሉም ጠፋ፣ ማንም ሰው ታዐገሠ ብሎ አይጽፍም። ትግስት ብሎ የሚጽፍ ሰው የሰማውን ነው የጻፈው፣ ይህ ደግሞ ምክንያት ያለው ነገር ነው። ትዕግስት ደግሞ መሐል ላይ የቆመ ነው፤ ዕን ይዟል፣ ሥን ለኪቦርድ ትቷል፤ በየጋዜጣውና በየስክሪኑ የምታዩት እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ሙሉውን እመርጣለሁ? ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው ማንም ሰው ተነስቶ "ተሳስቷል" ሊለው የማይችለው። ትግስት ብላችሁ ብታስመዘግቡ ነገ አስተማሪዋ ዕ ትጨምርላታለች፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ሥ ይጨምርላታል፣ ሁሉም በበጎ ልብ ያርሙላታል፣ እሷም በስንት ዓይነት አጻጻፍ ትዞራለች። ትዕግሥት ብላችሁ ካስመዘገባችሁት ግን የሚያርም የለም። ቢበዛ የሚያሳጥር ይኖራል፣ ያኔ "ሙሉው እንዲህ ነው" ብላ ወረቀቷን ማሳየት ትችላለች።

3. የቤተሰቡን ወረቀት አውጡ

ልጅቷ የተሰየመችው በአክስቷ ወይም በአያቷ ስም ከሆነ የእነሱን መታወቂያ ተመልከቱ። አያት ዕድሜያቸውን ሙሉ ትግስት ብለው ፈርመው ከሆነና ልጅቷ የእሳቸው ማስታወሻ ከሆነች የእሳቸውን አጻጻፍ መውሰድ ክብር ነው፣ እዚህ ላይ የግእዙ ሥር ዝም ይበል። አያትን ጠይቋቸው። "እትዬ፣ ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት?" በሏቸው፣ በወረቀት ላይ ያሳዩአችሁ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ ነው። የልጅቷን ስም እንደፈለጋችሁ ምረጡ፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ግን እንዳለ ገልብጡ። እኛ ሀገር የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል የለም፤ ከስሟ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቷ፣ ከዚያም የወንድ አያቷ ስም ነው። አባት መታወቂያው ላይ ሀይሉ ተብሎ ከተጻፈ፣ "ትክክለኛው ኃይሉ ነው" ብላችሁ በልጅቷ ወረቀት ላይ ልታቃኑት አትሞክሩ። በፊደል አቅንታችሁት በሰነድ ታጣሙታላችሁ። አንድ ቀን የአባትና ልጅ ዝምድና በወረቀት መረጋገጥ ይኖርበታል፣ ለትምህርት ይሁን ለቪዛ ይሁን ለውርስ፣ ያን ጊዜ ሀይሉና ኃይሉ ሁለት ሰው ሆነው ይቀርባሉ። የእናትም ስም በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፣ እሱንም ከመታወቂያዋ ፊደል በፊደል።

ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካሏትም የእነሱን የልደት ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉት፤ የአባት ስም ከልጅ ልጅ እንዳይለያይ።

4. በእጅ፣ በአፍ፣ በስልክ ፈትኑት

የመረጣችሁትን በእጅ ጽሑፍ ጻፉና ስሙን ለማያውቅ ሰው አንብብ በሉት። የእጅ ጽሑፍ ላይ ዕ እና ፅ ይምታታሉ፤ ልዩነታቸው ክቡ ውስጥ ያለችው መስመር ናት፣ እስክሪብቶው ትንሽ ከተንሸራተተ ትፅግሥት ተብሎ ይነበባል። ሥም ከሦ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሙሉውን አጻጻፍ ከመረጣችሁ እነዚህን ሁለት ፊደሎች ሰፋ አድርጋችሁ፣ ለየት ለየት አድርጋችሁ መጻፍ ልመዱ፣ ልጅቷንም ፊደል ስትቆጥር ያንኑ አስለምዷት።

በአፍ ደግሞ ስልክ ላይ ያለ ሰው እየጻፈላችሁ ነው እንበል። "ትዕግሥት፤ በዐይኑ ዕ፣ በንጉሡ ሥ" ትሉታላችሁ፣ ያበቃል። ፊደሎቻችን ስም ስላላቸው ይህ ቀላል ነው፣ የሚገርመው ብዙ ወጣቶች እነዚህን መጠሪያዎች አያውቋቸውም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ልጃችሁ የስሟን ፊደል መጠሪያ ካወቀች የትም መሥሪያ ቤት ብትሄድ አትቸገርም።

ከስልኩ ጋር ያለው ጉዳይ ግን ከበድ ይላል። ለእኛ ሥ እና ስ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ አይተዋወቁም። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሥ መለያው 1225 ነው፣ ስ 1235። ስልካችሁ ላይ ትዕግሥት ብላችሁ አንድ ቁጥር መዝግቡና ትግስት ብላችሁ ፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ "የለም" ይላችኋል። አንድ መዝገብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስሟን በኮምፒውተር የሚፈልግ ሠራተኛ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው። ልጅቷ አለች፣ ፋይሏ አለ፣ ግን የተፈለገው በሌላ ፊደል ነው።

ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ሲደረደርም ቦታዋ ይቀያየራል። በሀለሐመ ተራ እ ትቀድማለች፣ ዕ ትከተላለች፣ ግ መጨረሻ ነች። ስለዚህ ትዕግሥት ከትግስት በላይ ትወጣለች፣ መካከላቸውም ሌሎች ስሞች ይገባሉ። የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ስሟን አጥታ የደነገጠች ልጅ ሁለቱንም ቦታ ማየት አለባት።

ይህን ስታነቡ "እንግዲያው አጭሩ አይሻልም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አይሻልም፣ ምክንያቱም ትግስት ብትሆንም የሚፈልጋት ሰው ትዕግስት ብሎ ሊፈልጋት ይችላል። ችግሩን የሚቀንሰው በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን ነው፣ የፊደሉ ቁጥር ማነስ አይደለም።

5. የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ አሁኑኑ ወስኑ

ብዙ ወላጅ የሚረሳው ይህን ነው። አማርኛው ላይ ሲከራከር ይውልና የላቲኑን ለጸሐፊው ይተዋል። ኋላ ላይ ግን ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሁሉም የሚሄደው በላቲን ፊደል ነው።

በብዛት የምታዩአቸው ሦስት ናቸው። በሁለት አይ የሚጻፈው፣ ማለትም ቲ፣ አይ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ። ሁለተኛውን አይ በኢ የሚተካው፣ ቲ፣ አይ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቲ። ሁለቱንም በኢ የሚጽፍም አለ። ከእነዚህ ሌላ ከጂ በኋላ አናባቢ የማያስገባ አጻጻፍ አለ። አትሌት ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር የዓለም ዘገባ ስሟን አንዳንዱ ከነሁለተኛው አይ፣ አንዳንዱ ያለ እሱ ጽፎታል። እሷ ታዋቂ ናት፣ ማንነቷ አይጠፋም። ለእኛ ልጅ ግን እንዲህ አይሆንም።

የእኔ ምርጫ በሁለት አይ የሚጻፈው ነው፣ ምክንያቴንም ልንገራችሁ። ስሙን ቀስ ብላችሁ ጥሩት። አናባቢ የሚሰማው ከት በኋላና ከግ በኋላ ነው፣ ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ ድምፃቸውም አንድ ነው። አንድ ድምፅ በአንድ ፊደል ይጻፋል፤ አንዱን በአይ ሌላውን በኢ መጻፍ ምክንያት የለውም። ኢን ደግሞ እኛ ሰዎች ለግእዙ፣ ማለትም ለፊደሉ የመጀመሪያ ረድፍ ድምፅ ነው የምንጠቀምበት፣ እንደ ከበደና ተገኝ ላይ። ቅድስት የሚለውን ስም ስንጽፍም ሳድሱን በአይ ነው የለመድነው። በዚያ ላይ በኢ ሲጻፍ እንግሊዝኛ አንባቢ በሚያውቀው ቃል መንገድ፣ በዳይጀስት መንገድ፣ ጂውን ጀ ብሎ ያነበዋል። አይም ቢሆን ከዚህ ስሕተት ሙሉ በሙሉ አያድንም፣ ጂ ከአይ በፊት ሲመጣም ጅ ብለው የሚያነቡ አሉ። የሚያድን ነገር ካለ ጂን መድገም ነው፣ ግን እንዲያ የሚጽፍ ሰው እምብዛም ስለሌለ ልጅቷን ብቻዋን ታስቀሯታላችሁ። አንድ ጊዜ "ጂው እንደ ግ ነው የሚነበበው" ብላ ብትናገር ይበቃል።

ኦሮሚያ ውስጥ ለምትመዘግቡ በሁለት አይ የሚጻፈው ሌላም ጥቅም አለው። በቁቤ ጂ ሁልጊዜ ግ ነው፣ ቲም ያልጠበቀችው የእኛው ት ናት፣ ስለዚህ ያው አጻጻፍ ለቁቤም ለእንግሊዝኛም ይሆናል። አንድ ስም፣ አንድ የላቲን አጻጻፍ።

ዕን በላቲን ለማሳየት ብላችሁ ጭረት ወይም ነጠላ ጥቅስ አታስገቡ። ፓስፖርቱ ላይ ከሥር የምታዩአቸው ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት ያላቸው፣ የሚቀበሉት የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ ቁጥርንና የመሙያ ምልክቷን ብቻ ነው። ጥቅሷ እዚያ ትጠፋለች፣ ከዚያ ላይኛው ስምና ታችኛው ስም አልገጥም ይላል። ለአንዲት ጭረት ብሎ ኤርፖርት ላይ ማብራሪያ መስጠት ምን ያደርጋል።

እነ ቲጂ፣ ትጉ፣ ትጌ የቤት ስም ናቸው፣ ደስ ይላሉ። ወረቀት ላይ ግን አይድረሱ።

6. ምዝገባው ቀን

በሕጉ መሠረት ልደት በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ያስቀመጠው ነው። 90 ቀን ብዙ ይመስላል፤ አራስ ቤት ላለ ሰው ግን ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ የፊደሉን ጉዳይ ከወሊዱ በፊት ጨርሱት፣ ያኔ ጭንቅላታችሁም ሰፊ ነው።

ስትሄዱ ስሙን በቃል አትናገሩ። አንድ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ በትልቁ፣ የሚቻል ከሆነ በኮምፒውተር አሳትማችሁ፣ እንዲህ አድርጋችሁ ያዙ። አንደኛው መስመር ላይ የልጅቷ ስም፣ የአባት፣ የአያት በአማርኛ። ሁለተኛው መስመር ላይ ያው በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በትልልቁ ፊደል። ሦስተኛው ላይ የእናት ሙሉ ስም በሁለቱም። ለመዝጋቢው ወረቀቷን ስጡና "ከዚህ ይገልብጡልን" በሉ። ማንም አይቆጣም፣ እንዲያውም ሥራ ታቀሉለታላችሁ። መዝጋቢው "ሥ የድሮ ነው፣ አሁን በስ ነው የሚጻፈው" ቢላችሁ በትሕትና "የእኛ ምርጫ ይህ ነው" በሉ። ስም የባለቤቱ ነው።

ከዚያ አንብቡ። ማኅተም ከማረፉ በፊት፣ መስኮቱን ለቃችሁ ሳትሄዱ፣ ሁለታችሁም በየተራ አንብቡት። እንዲህ አድርጉ፤ አንዳችሁ ከያዛችሁት ወረቀት ፊደል በፊደል ጥሩ፣ ሌላው ጣቱን ከተጻፈው ላይ ያድርግ። ት፣ ዐይኑ ዕ፣ ግ፣ ንጉሡ ሥ፣ ት። ዓይን የለመደውን ስም ሲያይ ያልተጻፈውንም አሟልቶ ያነባል፣ ስለዚህ በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ። ከኋላ የቆመው ሰው ቢያጉረመርም ይታገሣችሁ፣ ከሰላሳ ሰከንድ አይበልጥም።

ስሕተት ካገኛችሁ እዚያው ይስተካከል። ትኩስ ስሕተት በደቂቃ ይታረማል፣ መዝገብ ውስጥ የገባ ስሕተት ግን ማመልከቻ፣ ማስረጃና ምልልስ ይጠይቃል።

7. ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚያ ይገልበጥ

የልደት ምስክር ወረቀቱን ፎቶ አንሱትና ሁለታችሁም ስልክ ላይ አስቀምጡት። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ፣ ሁሉም ከእሱ ይገልበጥ። ብዙ ጊዜ የክትባት ካርዱ ከልደት ምዝገባው ቀድሞ ይጻፋል፣ እዚያም የጻፋችኋትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ትምህርት ቤት ጥንቃቄ የሚፈልግበት ጊዜ አለ፣ እሱም የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ የሰፈረው ስም ዩኒቨርሲቲም ሥራም ይከተላል። ተማሪዎች ቅጽ ሲሞሉ ስማቸውን እንደመጣላቸው ይጽፋሉ፣ የላቲኑን በተለይ። ልጃችሁ ያን ቀን የልደት ወረቀቷን አይታ ትጻፍ።

የፋይዳ መታወቂያ ስምን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይይዛል። ስትመዘገብ ስክሪኑ ላይ ያለውን ታንብብ፣ እንዳለፈው ፊደል በፊደል።

8. ወረቀቱ አስቀድሞ ከተደበላለቀ

ይህ ክፍል ለትልልቆቹ ትዕግሥቶች ነው። አንዱ ወረቀት ትግስት፣ ሌላው ትዕግስት፣ እንግሊዝኛው ሦስት ዓይነት የሆነባችሁ።

መጀመሪያ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና በሁለት ዐምድ ጻፉት፣ በአማርኛ እንዴት፣ በእንግሊዝኛ እንዴት። ከዚያ ለመለወጥ በጣም የሚከብደው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ማስረጃና ፓስፖርት ናቸው። በእነሱ ላይ ያለው ይግዛ፣ ሌላው ወደ እሱ ይምጣ። ዲግሪያችሁና ፓስፖርታችሁ የተስማሙ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ባንኩንና ሌላውን ወደዚያ አምጡ። ካልተስማሙ አንዱን ለማረም ከመነሳታችሁ በፊት ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ጠይቁ፣ የቱ ቶሎ እንደሚያስተካክልና ምን ማስረጃ እንደሚፈልግ እወቁ፣ ከዚያ ቀላሉን ያዙ።

እዚህ ላይ ስለ ግእዙ ሥር አትጨነቁ። በሁሉም ወረቀታችሁ ላይ ትግስት ከሆናችሁ ትግስት ሁኑ፣ ቆንጆ ስም ነው። "ትክክለኛው" ፊደል እያላችሁ አንድ የተስማማ ሰነድ አታበላሹ። አንዷን ዕ ፍለጋ የተስተካከለውን ማፍረስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ለሰርግ ካርድ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለራሳችሁ ደስታ ሙሉውን ብትጽፉት ማንም አይከለክላችሁም።

ሌሎቻችን ደግሞ አንድ ግዴታ አለብን። የሰው ስም ስንጽፍ ባለቤቷ እንደጻፈችው እንጻፍ። ለጓደኛችሁ ግብዣ ስትልኩ፣ የሥራ ባልደረባችሁን ስም ደብዳቤ ላይ ስታሰፍሩ፣ እርማት የመስጠት ጊዜ አይደለም።

9. ስሙ ሌላ ከሆነ

መንገዱ ያው ነው፣ ሥሩን አይታችሁ ቤተሰቡን ጠይቃችሁ ወስኑ። ጊዜ እንድታተርፉ በብዛት የሚያከራክሩትን ላስቀምጥ። ሐና፣ ሔዋን፣ ራሔል፣ ሕይወት በሐመሩ ሐ ናቸው። ኅሊና በብዙኀኑ ኀ። ሣራ፣ መሠረት፣ ምሥራቅ፣ ሠናይት በንጉሡ ሠ፤ ሰላም ግን በእሳቱ። ጽጌና ጽዮን በጸሎቱ ጸ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ። ዓለም በዐይኑ ዓ። ቤተልሔም ውስጥ ያለችው ሔም እንደ ሔዋን ሔ ናት።

ሁለት ቃል የሆኑ ስሞች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ዓለምፀሐይ፣ ፍሬሕይወት፣ ቤተልሔም፣ እነዚህን ገጥማችሁ እንደ አንድ ቃል ጻፏቸው፣ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም። ዓለም ፀሐይ ብላችሁ ከለያችሁት ቅጹ ላይ ሁለተኛው ሣጥን የአባት ስም ነው፣ ፀሐይ እዚያ ትገባለች፣ እውነተኛው አባት ወደ አያት ቦታ ይገፋል፣ አያት ደግሞ ከወረቀቱ ይወጣሉ። መዝጋቢው ክፍት ቦታ ሲያስገባ ካያችሁ እዚያው አስቁሙት።